ዋንጫው ጎመኑን ጨርሶ እንሰት ጀምሯል

ለተከበሩ አቶ ወልደኪዳን
የከተሞች ወጣቶች ሱፐር ካፕ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ወንበርዎ ላይ ተሰቅሎ የሚቀበለኝ ግራጫ ኮትዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ሙክታር፣ የአንጋጫው ልብስ ሰፊ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ዋንጫውም ደህና ነው። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ ተመችቶታል።

ይህን ደብዳቤ በይፋ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ ኮትዎ ማንበብ ስለማይችል ብቻ ነው። ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የዶዮገና ወጣቶች ቡድን ራሱን ፖርቶ፣ የአዲሎው ደግሞ ቤንፊካ ብሎ ይጠራል፤ አርሰናልና ማንቸስተር የሚሉትን ስሞች ሌሎች ቀበሌዎች ቀድመው ስለያዟቸው ነው። ክቡርነትዎ የስሞቹ ባለቤት ክለቦች የሚጫወቱበት የፖርቱጋል ሱፐር ካፕ ድሮ በደርሶ መልስ ይካሄድ እንደነበር ከስልክዎ ላይ አንብበው የእኛም እንደዚያው እንዲሆን ወሰኑ። ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ይህን አሠራር ከተዉት ቆይተዋል፤ ይሁንና ሰው የጣለውን አንስቶ መጠቀም ነውር የለበትም።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሚያዝያ ወር ዶዮገና ላይ ተደርጎ አንድ ለአንድ አለቀ። ዋንጫ የምንለው ሽልማት እንደ አገራችን ወግ በግ ነውና፣ መልሱ አዲሎ ላይ እስኪደረግ ለአንድ ሳምንት ገለልተኛ ሰው ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። የሁለቱንም ቡድን የማልያ ቁጥር የሰፋሁ፣ ኳስ የማልወድ፣ ቤቴም መንገዳችሁ ላይ የሆነ እኔ ነበርኩና ገመዱን በጭብጨባ ተረከብኩ። ስለተጣለብኝ እምነት ዛሬም ከልብ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ የቀን መቁጠሪያ የመመልከት ዕድል ካላገኙ፣ አሁን ጥቅምት ነው።

ስለሆነም የሚከተሉትን ቅሬታዎች በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ መልሱ ጨዋታ በስብሰባ፣ ከዚያም በስልጠና፣ ከዚያም ሜዳው ላይ በተተከለ ባዛር፣ ከዚያም በክረምቱ ምክንያት ተራዘመ። መጨረሻ ላይ የተራዘመው ለምን እንደሚራዘም ለመገምገም በተጠራ ግምገማ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ክቡር ኮሚቴዎ እጅ የገባ እንቁላል ግን እግር ለማውጣት በመጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ መሟላት አለበት።

ሁለተኛ፦ ዋንጫው ይበላል። የፖርቱጋሉ ዋንጫ ከብረት ስለሆነ ይህ ጉዳይ በስልክዎ ላይ አልተጻፈ ይሆናል። ጎመኑን በግንቦት ጨረሰ፣ ቃሪያውን ቀመሰና ተወው፣ ከዚያም ወደ ልብስ መስፊያ ክፍሌ ገባ። አንድ ደንበኛዬ ለሠርግ ያሰፋውን ኮት ሊወስድ ሲመጣ አንድ ኪስ ጎድሎ አገኘው። ኪሱን ዋንጫ እንደበላው በሐቅ ባስረዳው፣ ሰውዬው ትኩሳት እንዳለኝ ለማወቅ ግንባሬን ዳሰሰልኝ።

ሦስተኛ፦ በየገበያው ቀን ደጋፊዎች ዋንጫውን ሊጎበኙ ይመጣሉ። የፖርቶዎቹ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ሲያስሩለት ቤንፊካዎቹ ገለልተኛነቴን ተጠራጥረው ቀይ ደረቡበት። በጉ አሁን ከእኔ የተሻለ ይለብሳል።

አራተኛው ቀልድ የለበትም። ባለቤቴ ነፊሳ ከእናቷ ጓሮ፣ ከሙዱላ፣ በጀርባዋ አዝላ አምጥታ የተከለቻቸው የእንሰት ችግኞች አሏት። እናቷ ካረፉ በኋላ የቀሯት እነሱ ናቸው። ዋንጫው አሁን እዚያ ደርሷል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይሉ የለ? ነፊሳ ብረቱንም አልፋ ሄዳለች። የመጨረሻው ችግኝ በተበላ ማግስት ሙዱላ ወንድሟ ቤት እንደምትገባ በማያሻማ ቋንቋ ነግራኛለች፤ በአማርኛም በከምባትኛም። ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ ይህችን ሴት እወዳታለሁ። ያለ እሷ ይህ ቤት ቤት አይሆንም፣ ሻይ እንኳን አፍልቼ አላውቅም። ነፊሳ ደግሞ አንዴ ከሄደች የመልስ ጨዋታ የላትም።

ስለዚህ ጨዋታው በዚህ ሳምንት እንዲካሄድ፣ ካልሆነም ዋንጫው እንዲነሳልኝ እማጸናለሁ። ሁለቱም ካልተቻለ ዋንጫውን ራሴ አምጥቼ ከወንበርዎ እግር ጋር አስረዋለሁ። ኮትዎ ጓደኛ ያገኛል፤ ስለ ኪሶቹ ግን ኃላፊነት አልወስድም።

አንድ ሳምንት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ስላስተማሩኝ፣ ዋንጫ ማሸነፍ ሳይሆን ማሳደር እንደሚከብድ ስላሳዩኝ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢሮ የመግባት ፍላጎት እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዋንጫው ጊዜያዊ አሳዳሪ
ሙክታር፣ ከአንጋጫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊርማዬን ሳልጨርስ ከጓሮ የነፊሳ እልልታ ተሰማ። ክቡርነትዎ በማይክሮፎን ሙክት ነው ብለው ያስረከቡኝ ዋንጫ መንታ ወልዷል። በዕለቱ ሜዳው ሙሉ ገበሬ ነበር፤ ሴት በግ መሆኗን ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም አጨብጭቧል፣ እኔም ከሕዝብ ላለመለየት ዝም አልኩ። የጎረቤቴ የመሐመድአሚን አውራ በግ ግን ማይክሮፎኑን አልሰማም ነበር። ነፊሳ ግልገሎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት አስገብታ፣ እናታቸውን በእጇ እንሰት ቅጠል እያጎረሰች ነው። ዋንጫዋ ከዚህ ግቢ የወጣች ቀን እሷም ሙዱላ እንደምትሄድ አሁን አስታውቃኛለች። ስለዚህ ከላይ የጠየቅኩትን ሁሉ እንደተሰረዘ ቆጥረው፣ ክቡር ኮሚቴዎ መልሱን ጨዋታ ለማካሄድ በጀመረው ፍጥነት እንዲቀጥልልኝ በትሕትና እለምናለሁ።