ደወል የማይሰማበት ክፍል

አባየ፣ እንደምን ሰነበቱ ልበልዎት ወይስ ነፍስዎን ይማር? ከተለዩን ዓመት ሊሞላ ነው፤ አፌ የቱን እንደሚያስቀድም አሁንም አላወቀም።

ሐሳቤስ ደኅናውን ልጽፍልዎት ነበር። የበርበሬው መደብ በቅሏል። ጥላሁን ልጅዎ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ ሥራ ጀምሯል። ያች ተዋጊ ላምዎ ዛሬም ሰው አታስጠጋም፤ በእርስዎ ወጥታ። ግን እማየ ታማለች። ከሰኞ ጀምሮ ታስላለች፣ ትኩሳቱም አልበርድ ብሏል፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ጽፎላታል፣ እርስዎ ወደ ተኙበት። መርሳቱም ጀምሯታል፤ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን በእጇ ይዛ ቁልፍ ትፈልጋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ይኸው ደረሰ። ፈርቻለሁ አባየ።

እርስዎም ሲገቡ እኮ ሳል ብቻ ነበር። የሳንባ ምች ነው አሉ፣ መርፌውን ወጉ፣ ትኩሳቱ በረደ። እኛም እሰይ አልን። ለካ ፋሲካ አልፎ ሰው ሁሉ ሲገድፍ፣ የእርስዎ ልብ ሑዳዴ ላይ ቀርቶ ኖሯል! ወተት ሲያዩ ያማትባሉ። አጥሚቱን ስናቀርብልዎት ቅዳሴ ገና አልወጣም ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሲመሽም አልወጣም፣ ሲነጋም አልወጣም። ቤት ሳሉ የጊዮርጊስን ደወል ሳይሰሙ እህል ቀምሰው አያውቁም፤ እዚያ ክፍል ደግሞ ደወል አይሰማም። የጎን አልጋ አስታማሚዎች ጻድቅ ሰው ናቸው፣ አታስገድዷቸው አሉን። በአገራችን ጾመኛ ሽማግሌ ማን ይጋፋል? ነርሶቹም አፈሩ፣ እኛም አፈርን። በዚህ መሐል ጉንጭዎ ጎደጎደ፣ እግርዎ መቆም አቃተው።

በመጨረሻ ጥላሁን ደወሉን በስልኩ ቀድቶ መጣ። ሲሰሙት አማትበው ቀና አሉ፤ አጥሚቱን በሁለት እጅዎ ይዘው ጠጡ። ምነው ቀደም ብለን ባሰብነው! ሐኪሙ ሳንባቸው ድኗል፣ አቅማቸው ግን አልቋል አለን። ከበሽታዎ ድነው ሞቱ፤ ይህን ለማን ይነግሩታል?

ነገ በጠዋት ጥላሁን መኪና ይዞ ይመጣል። ደግሞ ይኸው ሑዳዴ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ ዘንድሮ ጠርጥሬያለሁ። ከአልጋዋ ንቅንቅ አልልም። ጎረሰች አልጎረሰች፣ ጠጣች አልጠጣች፣ በዓይኔ አያለሁ። ያፈረ ይፈር።

ሆስፒታል እንሄዳለን ስላት እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! ደስ ብሏት ተነሣች፤ ያንን ነጩን ጋቢዎን አጣጥፋ በዘንቢል ከተተች። ይበርዳቸዋል አለች። ለካ እርስዎን ልታመጣ ነው የምትሄደው። መሞትዎን ስንቴ ላርዳት?

የእሷንም ድርሻ ጨምሬ፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳዎትም። ብቻ አባየ፣ እባክዎ፣ እንዳይጠሯት።