ኤሎፍን ከመሐላው ይፍቱት

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እናቴ ደህና ናት? ዓይኗ አሁንም መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ያይላታል ወይስ እህቴ ስቲና ናት የምታስገባላት? ላሚቱ በሰላም ወለደች? ሐይቁ ዘንድሮ ከገና በፊት በረዶ ሠራ ወይስ እንደ አምና አስቸገራችሁ? እኔ በሕይወት አለሁ። በቀደሙት ደብዳቤዎቼ ሁሉ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን” ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ዛሬ ግን እጄ ያንን ቃል አልጽፍም አለኝ።

ደብዳቤዎ በጥር መጨረሻ ደረሰኝ። ወንድሜ ኤሎፍ በረዶው እንደቀለጠ እጮኛውን ካይሳን አግብቶ ወደዚህ ወደ ሚኒሶታ ሊመጣ መሆኑን ጽፈውልኛል። ዛፍ በሌለበት መሬት ላይ ጎጆ እንዳይቀልስ፣ እኔን እንዳስማሉኝ ሁሉ እሱንም እጁን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስጭነው እንዳስማሉት፣ ከእኔ አጥር አጠገብ ያለውን ባዶ መሬት እንዲይዝም እንዳዘዙት ነግረውኛል። “ሁለቱ ልጆቼ ጎን ለጎን” ብለው ደስታዎን ጽፈዋል። አንብቤ ስጨርስ ደብዳቤውን መሬት ላይ ወረወርኩት። ይቅር ይበሉኝ። ይህንን የምጽፈው ኤሎፍ መርከብ ሳይሳፈር እንዲደርስዎት ነው።

የተሰናበትኩዎት ዕለት በራችን ላይ ያሉኝን አልረሳሁም። “ዛፍ ያላበቀለ መሬት እህልም አያበቅል። እንጨት በሌለበት አገር ሰው ቆሞ ይደርቃል” አሉኝ። በእኛ አገር እውነት ነው፤ ዛፍ እምቢ ያለው ሜዳ ፍየል እንኳ አያኖርም። እዚህ ግን አባቴ፣ ሣሩ የሰው ደረት ይደርሳል፤ ሥሩ ያለው አፈር እንደ ከሰል የጠቆረ ነው፤ አንዲት ጠጠር የለበትም። ያንን ሁሉ በእግሬ እየረገጥኩ አለፍኩት። ሚስቴ ሎቪሳ ሁለት ቀን ሙሉ፣ “ማግኑስ፣ እዚህኛው ደግሞ ምን ጎደለው?” እያለች ስትጠይቀኝ፣ “ዛፍ” እያልኩ እመልስላታለሁ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ወንዝ ደረስን። ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ ድንጋይ፣ ልክ እንደ እርስዎ ማሳ። እኔ ሞኙ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሎቪሳ ጓዟን እንዳዘለች ቆማ አየችኝና፣ “ልጅነቴን በሙሉ የአባቴን ድንጋይ ስለቅም ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ ድንጋይ ፍለጋ ነው ባሕር የተሻገርነው?” ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። “ምያለሁ” አልኳት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

እዚህ መንግሥት መሬት በነፃ የሚሰጠው ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም አምስት ዓመት ሳይነቃነቅ ከኖረበት። ከተሳሳቱ ተሳሳቱ ነው። ቶሌፍ የሚባል የኖርዌይ ሰው ከእኔ በላይ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ሜዳው መሃል ገባ። ቤቱን ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር ሠራ፤ ኩበትና የተጠቀለለ ሣር ያነዳል። መጀመሪያ ሰሞን አዘንኩለት። አሁን እሱ ስንዴውን በጋሪ እየጫነ በደጄ ሲያልፍ፣ “አንተ ስዊድን! እናንተ ድንጋይ ካልተንተራሳችሁ እንቅልፍም አይወስዳችሁ መሰለኝ!” እያለ ይሳለቅብኛል። እኔ ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው ስለቅም። የድንጋይ አጥሬ ከእርስዎ አጥር ይረዝማል። “እንጨት ሞልቶናል፣ ውሃ በደጃችን ነው፣ ጥሩ አጥር ሠርቻለሁ” ብዬ የጻፍኩትን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሕዝቡ ሲያነቡ፣ ሰው ሁሉ “ታድሎ!” እንዳለ ነግረውኝ ነበር። አንድም ውሸት አልጻፍኩም፤ የቀረውን ግን ዋጥኩት።

ባለፈው ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ማሳዬን አለበሰው፤ የምንጠጣበት የውሃ ጉድጓዳችን ውስጥም ገባ። ቶሌፍ ጋሪውን ይዞ መጣና፣ “ይሄን ውሃ እንዳትጠጡ። እስኪጠራ ድረስ እኛ ቤት ክረሙ። ሚስቴም የምታወራው ሰው አጥታ ከላሟ ጋር ማውራት ጀምራለች፤ እባክህ ሎቪሳን ስጠኝ” አለኝ። ሎቪሳ ሻሿን አሥራ ተነሥታ ነበር። እኔ ግን ሲስቅብኝ ከከረመ ሰው ጣራ ሥር አልገባም ብዬ መለስኩት። በነሐሴ ሎቪሳን ተስቦ ጣላት። አሥራ ስምንት ቀን ተኛች። መስከረም አራት ቀን አረፈች።

አዎን አባቴ፣ ሎቪሳ ሞታለች። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። የነበርኩትም የቀበርኩትም እኔ ነኝ፤ አፌ ግን አልከፈት ብሎ አምስት ወር ሞላኝ። በገና ደብዳቤዬ ግርጌ “ሎቪሳም ሰላም ትላችኋለች” ብዬ ስጽፍ እሷ አፈር ከለበሰች ሦስት ወር አልፏት ነበር። እናቷ ብሪታ ያንን ሰላምታ ሰምታ ደስ ብሏት ይሆናል። ይህን ሳስብ የጻፍኩበትን እጄን እጠላዋለሁ።

መቃብሯን በገዛ መሬቴ ላይ ልቆፍር ብዬ ሦስት ቦታ ሞከርኩ። ሁለቱ ላይ ዶማዬ ድንጋይ መታ፤ በሦስተኛው ውሃ ፈለቀ። ቶሌፍ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ያን ዕለት ሳይቀልድ፣ “ተው በቃህ ወንድሜ፤ ወደ እኔ እናምጣት” አለኝ። በሱ አፈር ውስጥ አካፋው ያለምንም ድምፅ ገባ። ሎቪሳ የለመነችኝን መሬት ያገኘችው እንዲህ አድርጋ ነው።

እርስዎን እወቅሳለሁ? አዎን፣ እወቅሳለሁ። ድንጋይ ስለቅም ቀኑን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ስጣላ እውላለሁ። ግን እርስዎ ያላዩትን አገር በሚያውቁት አገር ለኩት እንጂ ክፉ አላሰቡም። እኔ አፈሩን በእጄ ጨብጬዋለሁ። ዓይኔ ያየውን፣ ሚስቴ የነገረችኝን ትቼ በቃለ መሐላ ተሸሸግሁ። የእርስዎ ጥፋት ካለማወቅ ነው፤ የእኔ ግን እያወቅሁ ነው።

ስለዚህ ኤሎፍን ከመሐላው ይፍቱት። ያውቁታል፣ እኔ ብነግረው “አባባ አስምሎኛል” ብሎ ድርቅ ይላል። ያስማሉት እርስዎ ነዎትና የሚፈታውም የእርስዎ አፍ ነው። አጠገቤ ያለው መሬት ባዶ የሆነው ለሱ ተጠብቆለት ሳይሆን የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ነው። ሜዳው ላይ ይግባ፤ ኩበት ያንድድ፤ በአፈር ቤት ይኑር፤ የፈለገ ይሳቅበት። ካይሳ የምትለውንም ይስማ። አልፈታም ካሉ ግን እዚያው ያስቀሩት፤ እኔ ባቡር ጣቢያ ሄጄ አልቀበለውም። ለካይሳ መቃብር መቆፈር አልፈልግም።

ይህንንም ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያንብቡት። “ታድሎ” ያሉት ሁሉ ይስሙት። ከዚያ በፊት ግን ሐይቁን ዞረው ብሪታ ቤት ይሂዱና መርዶውን ራስዎ ይንገሯት። መንገዱ በበረዶ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰው አይላኩ።

እናቴን ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላታለሁ፤ አታልቅሺ አልላትም። ስቲናን ሰላም ይበሉልኝ፤ ወደዚህ የመምጣት ሐሳብ ካላት እርስዎ የሚሏትን ሳይሆን ዓይኗ የሚያየውን ትመን። ለካይሳ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለኤሎፍም እንደዚሁ፤ ምንም ቢሆን ወንድሜ ነው፣ ናፍቆኛል። ለብሪታ የምልከው ሰላምታ አጣሁ።

ከዚህ ቤት ሰላም የሚላችሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅዎ ማግኑስ

ሚኒሶታ፣ ከወንዙ ዳር
የካቲት 3 ቀን 1872