በዳንቴል የተሸፈነ ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የወረዳችን የይዞታ ማህደር ክፍል ኃላፊ
የካ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ወንበርዎ በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ኢፍቱ ቀነኒሳ እባላለሁ፤ መሪ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የምጽፍልዎ ስለ አባቴ ማህደር ነው። አባቴ አቶ ቀነኒሳ ከእንጦጦ ግርጌ ገብስ ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ለመንገድ ሲወሰድ ምትክ ቦታ የሚያሰጣቸው ብቸኛ ማስረጃ በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግስትዎ አመሰግናለሁ። የመስኮት ቁጥር አራት ኮምፒውተር ዲስኩ እየሞተ መሆኑን፣ ፋይሎቹም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሌላ ቦታ እንዲገለበጡ ከመስቀል በፊት ጀምሮ ሲናገር ነበር። መጀመሪያ በቀን አንዴ፣ በኋላ በየደቂቃው፤ አንዱን መልእክት ሳይዘጉት ሌላው ይደረብበታል። እርግጥ ነው፣ ሥራ አያሠራም፤ እኔም ብሆን ይሰለቸኛል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ ፋይሉን ያወጣል፣ ቀጥሎ ዲስኩን ይቀይራል፤ መልእክቱም ያን ጊዜ በራሱ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ የመስኮቱን ሠራተኛ ወይዘሮ የማርያምወርቅን አመሰግናለሁ። ሰው አክባሪ ናቸው፣ አይዋሽም። መልእክቱ ባለጉዳይ ፊት እንዳያሳፍራቸው በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ስክሪኑ ላይ ጣል አደረጉበት። በዓይኔ አይቼ ስነግራቸው፣ ልማዱ ነው፣ ዝም በይው የኔ እህት ብለው ሸኙኝ።

ሦስተኛ፣ ዳንቴሉ እየተንሸራተተ ሲያስቸግር የላኩትን ባለሙያ አመሰግናለሁ። አቶ ግሩም ዲስኩን ሳይነኩ መልእክቱ ዳግም ብቅ እንዳይል አድርገው ዘጉት። በሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎም ችግሩ መቶ በመቶ ተፈቷል ተብሎ ተጻፈ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁ። መልእክቱ በተዘጋ በአሥራ አንደኛው ቀን ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። እሰይ! አሁንስ ጭራሽ ዝም አለ።

አራተኛው ምስጋና አይደለም። የጠፋውን ማህደር ለመተካት ኦርጅናሉን ይዛችሁ ኑ ብላችሁናል። ኦርጅናሉን እኮ የተረከባችሁት እናንተ ናችሁ! ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ወረቀቱ መወገዱን የነገራችሁንም እናንተው ናችሁ። አባቴ ያንን ወረቀት ለአርባ ዓመት በላስቲክ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አኑረውት ነበር፤ አልሰጥም ብለውም ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ አይጥ አይበላውም ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲስኩ ገና በእጃችሁ ነውና፣ ከመጣሉ በፊት ከተበላሸ ዲስክ ፋይል ማውጣት ለሚችል ሰው እንዲሰጥልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዝምታን እንደ ጤና ለሚቆጥረው መሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በመስኮት ቁጥር አራት ፊት እንደ ወትሮው ተሰልፌ መልስዎን የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ
ኢፍቱ ቀነኒሳ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አባቴ በየሰኞው ከላምበረት በእግራቸው እየመጡ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብለው ስለ ማህደራቸው ይጠይቁ እንደነበር ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ሲመጡ ወንበሩ ተነስቷል፤ ሽማግሌው አበዙት ተብሎ ነው አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቆመው ጠየቁ። ትናንትም ሰኞ ነበር፤ አልመጡም፣ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል። ድምፃቸው ጠፋ ተብሎ፣ ችግሩ ተፈቷል ብላችሁ እንዳትጽፉባቸው አደራ።