በሽቦ የተማረችው አማርኛ

ካርቱም፣ ጀሪፍ
ኅዳር 2000 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሐዘኑ በኋላ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ ለለቀስተኛው ስታቀርቢ ራስሽን ረስተሽዋል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ናርዶስም ጤና ናት። ሙቀቱ ጋብ ብሎልናል፣ ሥራም አይጠፋም። እንደ ወትሮዬ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብዬ ልጨርሰው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ እህቴ ጸሐይወርቅ ታንብብልሽ። ብትቆጣኝም ጉዴን ለሰው አታወጣም። ለአጎቴ ለገብረየስ ግን አትስጪው። እሱ አንድ መስመር ባነበበ ቁጥር መነጽሩን እያወለቀ ይረግመኛል። አልፈርድበትም።

እማዬ፣ የአባዬ ሰልስት ዕለት የሆነውን አንቺ የሰማሽው በዚያኛው የስልክ ጫፍ ነው። በዚህኛው ጫፍ የነበረውን ልንገርሽ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለእድሳት ገብቶ ስላልወጣልኝ ከአገር መውጣት አልቻልኩም። የአባቴ ቀብር ላይ ሳልቆም መቅረቴ እንደ እሳት ሲፈጀኝ፣ ቢያንስ የልጅ ልጁ ድምፅ በሐዘኑ ቤት ይሰማ ብዬ አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ ናርዶስን ሳለማምዳት ዋልኩ። አያትሽ ስልኩን ስታነሳ እማማ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ ትያለሽ፣ ሌላ አትጨምሪ አልኳት። ደጋግማ አለችልኝ። ጥሩ ነበር።

ስንደውል አጎቴ ሁሉም ይስማት ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፈተው። የሰዉ ጉርምርምታና ለቅሶው እኛ ክፍል ድረስ መጣ። ልጄ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምታ አታውቅም፤ ፈርታ ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘች። አንቺም ሆድ ብሶሽ፣ የልጄ ልጅ፣ አያትሽ ጥሎኝ ሄደ፣ ምን ይሻለኛል አልሻት። ይሄኔ ያስተማርኳት ሁሉ ጠፋባት። የምታውቀውን ተናገረች። ጥሎሽ ከሄደ ተይው የኔ ቆንጆ፣ ልብ መች ያረጃል፣ ሌላ ይመጣል አለች። በጠራ አማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳትስት።

ዕድሜዋን ሙሉ ከአንድ ባል ጋር ለኖረች ሴት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ቄሱ በተቀመጡበት።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። አጎቴ ልጅህን የት ነው የምታሳድጋት፣ መሸታ ቤት ነው ወይ ብሎኝ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር እማማ ተኝታለች፣ እማማ ቤተ ክርስቲያን ናት ይሉኛል። መቼም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቤት እንዳልሠሩልሽ አውቃለሁ። ልታናግሪኝ አልፈለግሽም፤ እውነትሽን ነው።

ቃሉን ከየት አመጣችው ካልሽ፣ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ በፋሲካ ስንደውል ናርዶስ ሐቦባ ብላ ጠራችሽ። ምንድነው እሱ፣ ስድብ ነው ወይ አልሽኝ። በዚህ አገር አያት ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ። አንቺ አልሳቅሽም። ይቺ ልጅ አማርኛ ካልቻለች እኔ ስሞት ምን ብላ ልታለቅሰኝ ነው አልሽኝ። እኔም ኧረ ማታ ማታ አወራታለሁ፣ ተረትም እነግራታለሁ አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ማታ ስገባ ደክሞኝ ያገኘሁትን ቀምሼ እተኛለሁ። ከልጄ ጋር ያለን ወሬ እኔ ኩሉ ተማም፣ ሁሉ ደህና ወይ ስላት፣ እሷም ተማም ስትለኝ ነው። በዚያው ያበቃል።

ውሸቱ ሲከነክነኝ በእጄ ሙያ ልሸፍነው አሰብኩ። ኮምፒውተር እንደምጠግን ታውቂያለሽ። አንድ መሥሪያ ቤት የጣላቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ሰብስቤ ነበር። ቤት ያለውን ካሴት ሁሉ፣ መዝሙሩን፣ የልጆች ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ እያጫወትኩ ወደ አንደኛው ገለበጥኩ። ካሴት እስከ መጨረሻው ካልዞረ አይገለበጥም፤ ስንት የዕረፍት ዓርብ በላብኝ። የእናቷ የስንቅነሽም ካሴቶች በፌስታል ታስረው አልጋ ሥር ነበሩ። እነሱንም ጨመርኳቸው። ለናርዶስ ብዬ ነው እንዳልልሽ፣ ለእሷ ብዬ አልነበረም።

ከዚያ በግድግዳው ላይ ሽቦ አስኬድኩና ናርዶስ ክፍል ሌላ ኮምፒውተር አቆምኩላት። አንድ ሽቦ ደግሞ በግቢው ማዶ ለጎረቤታችን ለዘሃራ ሰጠኋት። ነገሩ ከባድ አይደለም። ዘፈኑ የተቀመጠው እኔ ክፍል ነው፤ እነሱ ግን በየክፍላቸው ሆነው የፈለጉትን መርጠው ይሰማሉ፣ አንዱ የሌላውን አያቋርጥም። እንደ ቧንቧ ውኃ አስቢው፤ በርሜሉ አንድ ነው፣ ሁሉም በየቤቱ ይከፍታል። የግቢው ሰው ሁሉ አደነቀኝ። እኔም ራሴን አደነቅሁ።

ለናርዶስ ተረቱንና መዝሙሩን ለይቼ የናርዶስ ብዬ ጻፍኩበት። ከሥራ ስመለስ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ ቃሉን እየተከተለ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ። ተማረችልኝ ብዬ ደስ እያለኝ በሯን አልፋለሁ። እማዬ፣ አንድም ቀን ምን እየሰማሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። እኔ ልናገራት የሚገባኝን ሽቦው እንዲናገርልኝ ትቼ ወደ መኝታዬ እሄዳለሁ። ይኸው ነው ማታ ማታ አወራታለሁ ያልኩሽ።

ያን ቀን ስልኩ እንደተዘጋ ጮኽኩባት። ምን እንዳልኳት አልጽፍልሽም። በአማርኛ ነበር፣ እሱን ብቻ ልንገርሽ። ከአፌ ያን ያህል ረጅም አማርኛ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። አላለቀሰችም። ተነሥታ ከክፍሏ ሽቦውን ነቀለችና አጥፋ፣ ጠቅልላ፣ የክፍሌ በር ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። በአማርኛ ስጠይቃት በዓረብኛ ትመልስልኛለች፣ እሱንም ቃል ቆጥባ።

ቢቸግረኝ ዘሃራ ዘንድ ሄጄ አማረርኩ። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ የናርዶስን ፀጉር የምትሠራት እሷ ናት። ስንት ተረት አስቀምጬላት ከዚያ ሁሉ መርጣ ይህን ተማረች አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ወላሂ አንተ ሰውዬ ልብ የለህም አለችኝ። ልጅቱ ተረት ፈልጋ መሰለህ? የምትሰማው ያን ስንቅነሽ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረውን ካሴት ነው። በየቀኑ እሱን ነው፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ሌላውን ነክታው አታውቅም። እዚህ እየመጣች ኻልቲ ዘሃራ፣ ይሄ ምን ማለት ነው፣ ያኛውስ ምን ማለት ነው ስትለኝ ፍቺውን የምነግራት እኔ ነኝ፣ በል እኔን ተቆጣ አለችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

እማዬ፣ በደወልኩ ቁጥር ስንቅነሽን አገናኘኝ ትይኛለሽ። ሥራ ላይ ናት እልሻለሁ። አርካዊት የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ዓርብ ብቻ ነው የምትወጣው እልሻለሁ። ዓርብ ስትጠይቂኝ ደግሞ አሁን ገበያ ወጣች እልሻለሁ። አንቺም ደግነትሽ ሆኖ አታጣሪኝም። ይህን ሁሉ ውሸት ስልሽ ናርዶስ አጠገቤ ቆማለች። ስልኩ ሲዘጋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ እኔም ተማም እላታለሁ። የማትሰማ መስሎኝ ነበር። ልጄ ይህን ያህል አማርኛ እንደምታውቅ በምን አውቄ።

አጎቴ ነውር ተናገረች ይላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጮኽኩት። አሁን ሳስበው ግን ሰው ጥሎ ሲሄድ ለቀረው ምን እንደሚባል የነገራት የለም። ከእናቷ ካሴት ያገኘችውን፣ ብቻዋን ስትጽናናበት የከረመችውን አውጥታ ለአንቺ ሰጠችሽ። ያሳፈረሽ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ፤ ሐፍረቱም የእኔ ነው፣ እባክሽ በእሷ ላይ አታድርጊው።

ደብዳቤውን ከቢር የሚባለው የዘሃራ ባል ወደ መተማ ስለሚወጣ በእሱ እልከዋለሁ። ሲደርስሽ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ዓርብ ከሰዓት ቤት ነን፣ ጸሐይወርቅ ትደውልልሽ። እኔን ማናገር ካስጠላሽ ግድ የለም፣ ናርዶስን አምጣት ብቻ በይኝ። ሰው በሌለበት ሁኚ። አማርኛሽን ወድጄዋለሁ በያት። ዝም ብትልሽ አትዝጊባት፣ ትንሽ ጠብቂያት። የዘፈን ቃል ብትመልስልሽም እንደ ሰው ቃል ተቀበይላት።

ስለ እናቷም ልትጠይቂያት ከፈለግሽ ጠይቂያት። እኔ ክፍሉን ለቅቄ ግቢ እወጣለሁ። እሷ ትንገርሽ። ቃሉን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

የአባዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ለአንቺ ብርታቱን ይስጥሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፣ በእኔ የደረሰብሽንም ሐፍረት ከልብሽ ያንሣልሽ። ናርዶስ ሰላም ትልሻለች ብዬ አልጽፍም፤ ራሷ ትበልሽ።

ልጅሽ