ገና አልወረደም

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ሻል አለህ? እማዬ ጋ በመሆንህ አይርብህም ብዬ እጽናናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እጄም ደህና ነው፤ ሰንበሩ ጠፍቷል። ስለ እጄ ባልጽፍ ይሻል ነበር። ግን ሌላ ምን ልጻፍ?

ወርክሾፑ እንደተውከው ነው። ወንበርህ ላይ ስቀመጥ በያጁ «አልጋ ወራሿ መጡ» ይለኛል፤ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅና ሽንት ቤት ገብቼ እጄን እታጠባለሁ።

ያን ቀን ትልቁ ኢንቨርተር ሲበላሽ ኃይሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ካፓሲተሩ ኃይል ከተቆረጠ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያልና በማሽኑ በር ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ቻርጅ መኖሩን የምታሳየው መብራትም ጠፍታ ነበር። እጄን ስሰድ «ገና አልወረደም!» ብለህ ቻርጅ በምናወርድበት ዘንግ መታኸኝ። ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ሕፃን። አለቃው ሲመጣ አንተ እንደ ልማድህ ዝም አልክ። እኔ አወራሁ። ቤትም እንዲሁ ይመታኛል አልኩት። በሕይወትህ እጅህን አንስተህብኝ የማታውቀውን። አንተ ጫማህን ታይ ነበር።

አንተን ከሥራ አግደው ከሸኙህ በኋላ ሁሉም ለምሳ ወጣ። ብቻዬን ቀርቼ ካፓሲተሩን በቴስተር ለካሁ። ለምን እንደለካሁ አላውቅም። አውቃለሁ። መብራቷ ሁልጊዜ እየደበዘዘች ነበር የምትጠፋው፤ ያን ቀን በአንዴ ድርግም አለች። አይቼ ነበር። ቴስተሩ ሰው የሚገድል ቁጥር አሳየኝ። ቻርጁን የሚያወርደው ሬዚስተር ተቃጥሎ መብራቷንም ይዟት ሄዷል። እስከ ማታ ብጠብቅ አይወርድም ነበር።

እንዳስተማርከኝ አደረግኩ። ጓንት አጠለቅኩ፣ የዘንጉን ሽቦ መጀመሪያ ከመሬት መስመሩ ጋር አሰርኩ፣ ከዚያ ካፓሲተሩን በጫፉ ነካሁት። ቁጥሩ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። የሚወርደው ያንተ ምስክር ነበር። እንዳለ ትቼው መሄድ አልችልም፣ ሰው ይሞታል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዘበኛው ወርክሾፑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ናና ቁጥሩን እይልኝ ማለት እችል ነበር። አልጠራሁትም። ይህም እውነት ነው።

ከዚያ የተቃጠለውን አውጥቼ አዲስ ሬዚስተር ገጠምኩ። አለቃው ጎበዝ ብሎ ቁልፍህን ሰጠኝ። ተቀበልኩት።

ሰኞ ጉዳይህን ያያሉ። እኔንም ይጠሩኛል። እናገራለሁ ብዬ በየቀኑ እምላለሁ፤ ግን ራሴን አላምናትም። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልዬ የላክሁልህን ጥቁር ነገር ይዘህ ና። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከየት አመጣኸው ሲሉህ እሷ ናት የላከችልኝ በል፤ እኔን አታስጥለኝ።

ቤትም ይመታኛል ማለቴን ለእማዬ እንዳትነግራት። ወይም ንገራት።

ጉልበትህን ይማርልህ። የመታኝን እጅህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ታናሽ እህትህ