ቀላል ሥራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ከምሳ በኋላ

ፋሻው ተቀየረ። አሁንም ያዣል። የቀኝ እጄ ሌባ ጣትና መሃል ጣት የሉም፤ የማሽላ መውቂያው ማሽን ቺንጋ፣ ማዞሪያው ቀበቶ፣ በላቸው። የሌለ ጣት እንዴት ያሳክካል?

ዛሬ የእርሻው ጽ/ቤት ጠራኝ። ሐኪሙ ቀላል ሥራ ይችላል ብሎ ጽፏል አሉ። ቀላሉ ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማስታወሻዬ? የነዳጅ በርሜል ጥበቃ። ከወንዙ ዳር፣ ሱዳን ፊት ለፊት። ጠመንጃ ታቅፎ መቀመጥ ነው፣ ምን ይከብዳል አሉኝ።

እምቢ አልኩ። ቃታ መሳቢያ ጣት የለኝም አልኩ። እውነት ነው፤ ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። ነዳጁን ሌሊት እየሰረቁ በግመል የሚያሻግሩት መንግሥትን የሚወጉት የጫካ ሰዎች ናቸው። ደርሶ የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ከነሱ ጋር ነው። ከሚስቴ ከብርቄ በቀር የሚያውቅ የለም። አንተም ዝም በል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የጉዳት አበሌ ታገደ። ለአካሉ የሚመጥን ሥራ ተሰጥቶት እምቢ ያለ አይከፈለውም፣ ደንብ ነው አለ ጸሐፊው፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ይግባኝ አልኩ። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል።

ድሮ ሥራ እምቢ ያለ ሰነፍ ነበር የሚባለው፤ ዘንድሮ አሻጥረኛ ነው። አሻጥረኛ የተባለ በመኪና ወደ ጎንደር ይወሰዳል፤ ሲመለስ ያየሁት የለም። ፈራሁ። ብርቄ ሥራውን ተቀበልና ተኛበት ትላለች። የተኛ ዘበኛ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች እኮ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ 9 ሰዓት

አለቀልኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ በጽሕፈቴ አትፍረድ።

የኮሚቴው ሊ/መንበር የእኛው የአርማጭሆ ሰው ነው፣ ሳቂታ። ክርክር አላበዛም። የዘበኛውን ምንሽር አስመጣና አቀበለኝ። እኔ ሞኙ! አባታችን ጠመንጃ የተቀበለ ሰው ጥይት መጉረስ አለመጉረሱን ሳያይ አይዝም ብሎ እኔንም ደርሶንም በአለንጋ ነው ያስተማረን። እጄ ሳላዘው ሄደ። አፈሙዙን ወደ መሬት አዞርኩ፣ መቀርቀሪያውን በግራ እጄ ከፈትኩ፣ ጥይት እንደሌለው አየሁ፣ ዘጋሁ። ሁሉን ከጨረስኩ በኋላ ነው ሁሉም እጄን እያዩ መሆኑ የታወቀኝ።

ከዚያ ሳቁ። «አየህ ጓድ፣ ቆላ ተወልዶ ጠመንጃ አልችልም የሚባል ነገር የለም» አለኝ ሊ/መንበሩ። ነገ ማታ ጥበቃ ካልገባህ ጉዳይህ ከእኛ እጅ ይወጣል ብሎ ጨመረ፣ እየሳቀ። የደርሶን ስም ማንም አላነሣም። ያውቁ ይሆን? ካላወቁ ለምን እዚያ ቦታ፣ ለምን እኔ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከጥይቱ ጋር ያስረከቡኝ ምንሽር በሩ ላይ ተደግፏል። ብርቄ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኛለች፤ ፊቷን አዙራለች።

ተኩሼ ብስት ከዳተኛ ነኝ። ባልስት ወንድሜ ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ደግሞ ደርሶ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም፤ ዘበኛ ሲያዩ ቀድመው ነው የሚተኩሱት።

ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ፤ ወሰንኩ። ሲመሽ እዘፍናለሁ። አባታችን ሰሊጥ ሲያጭድ የሚያዜመውን። ደርሶ ድምፄን ከሺህ ሰው ይለያል። ለብርቄ ነገርኳት። ደርሶ ብቻውን አይመጣም፤ ዘፈንህን የሰማ ሁሉ የት እንደተቀመጥክ ያውቃል አለችኝ። ልክ ናት። ቢሆንም እዘፍናለሁ።

ድምፄ እንዲከፈት አንድ ጣሳ ውኃ ልጠጣና ምንሽሩን ይዤ ልውጣ።