በሃያ ሰባተኛው መዝገብ ላይ ያለው ጣት

አዲስ አበባ
ሰኔ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፥

በሰው እጅ የላኩት ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ቆሜ ነው። መልስ ለመጻፍ ስሞክር ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። «ውድ» የምትለውን ቃል ትቼ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አንድ የመዝገብ ቁጥር ሆነው ይቀሩልኝ ነበር።

ሁለት ነገር ጽፈውልኛል። አንዱ፥ «ያንን ገጽ ከጽሑፍሽ አውጪው» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ሐምሌ አሥር ለምርቃቴ እንደሚመጡና ለዚሁ ብለው አዲስ ጋቢ እንዳሠሩ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ እንዴት ጎን ለጎን እንዳስቀመጧቸው እስካሁን አልገባኝም።

የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ የነገርኩዎት ቀን ትዝ ይልዎታል? በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች የገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎዎች በሴቶች መሬት ላይ ምን እንደ ወሰኑ ላጠና ነው ስልዎ ደስ አለዎት። «የራሳችንን አገር ልታጠኚ ነው በይኛ» አሉኝ። የካቲት ላይ ሞጣ ስመጣ ከመዝገብ ጠባቂው ጋር ያስተዋወቁኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው የማይነበበውን ጽሑፍ አነበቡልኝ፤ ሸንጎዎቹ የሚያሳጥሯቸውን ቃላት አስረዱኝ። ለሰው ሁሉ «ልጄ ዳኛ ልትሆን ነው» ይሉ ነበር። እኔም ኮራሁ። እውነቴን ነው፥ በእርስዎ ኮራሁ።

ከዚያ ቢቸና ልሄድ ስነሣ፥ «የሞጣው ይበቃሻል። መንገዱ ከባድ ነው፥ መዝገቡንም ምስጥ በልቶታል» አሉኝ። ያሳሰበዎት የእኔ ድካም መሰለኝ። አሁን ሳስበው ሞኝነቴ ራሴን ያስቀኛል፤ ደግሞ አያስቅም።

በጭነት መኪና ሄድኩ። መዝገቡን ምስጥ አልበላውም ነበር። ሃያ ስድስቱን መዝገብ አንብቤ ሃያ ሰባተኛውን ስከፍት የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ብራና ላይ ሲገለብጡ የተማሩትን ያንን ቀጥ ያለ ጽሑፍ በመቶ ሰው መሀል ባየው አይጠፋኝም። የዚያ ቀበሌ ማኅበር ጸሐፊ እንደ ነበሩ አውቃለሁና መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የአባቴን እጅ አገኘሁ ብዬ። ከዚያ አነበብኩት። «እኔ ወይዘሮ ይርጋነሽ፥ ባሌ ከሞተ ወዲህ ማረስ ስላልቻልኩ በእጄ ያለውን ሦስት ጥማድ መሬት በገዛ ፈቃዴ ለማኅበሩ መልሻለሁ።» ሚያዝያ 1970። በማግሥቱ ሸንጎው መሬቱን ለሊቀ መንበሩ ለፋንታ ታናሽ ወንድም ሰጥቶታል። ከቃሏ ሥር የግራ አውራ ጣት አሻራ አለ። አሻራውን ከዳር እስከ ዳር ነጭ መስመር አቋርጦታል።

ግራ እጄን መዝገቡ አጠገብ አስቀመጥኩት። አሥር ዓመቴ ሳለ ሣር ሳጭድ ማጭድ የሸረከተኝ ጠባሳ እዚያው ነው፤ እዚያው ቦታ፥ በዚያው ማጠፊያ።

ከዚያ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበትዎ ላይ መዝገብ ዘርግተዋል።

«ሰብሌ፥ ነይ እስቲ። ግራ አውራ ጣትሽን አውሺኝ።»

«ምንድን ነው አባባ?»

«የማኅበሩ ወረቀት ነው። የሚያትም ሰው ጠፍቶ ነው።»

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ራስዎ በሳሙና አጠቡኝ። እጄን ይዘው ሲያጥቡኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እጄን አይዙም ነበርና። ይህን ደስታ ከእኔ መልሰው እንዲወስዱልኝ እፈልጋለሁ። አልወጣ አለኝ።

በማግሥቱ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄጄ እትዬ ይርጋነሽን አገኘኋቸው። በወንድማቸው ጓሮ ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ነው የሚኖሩት። ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የሣህለ ማርያም።»

እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «የአባትሽ ጽሕፈት ያምራል ይባላል» አሉ። ስለ መሬቱ ጠየቅኳቸው።

«ያን ሰሞን ታምሜ መርጡለ ማርያም ጠበል ላይ ነበርኩ» አሉኝ። «ስመለስ የፋንታ ወንድም ማሳዬን ሲያርሰው አገኘሁት። ሸንጎው ፊት ቆሜ ስጮህ ‹ፈርመሻል› አሉኝ። ‹የት ነው የፈረምኩት? አሳዩኝ› ስል አባትሽ መዝገቡን ከፍቶ ከሩቅ አሳየኝ። እኔ ጣትን ከጣት በምን ልለይ?»

መሬቱ ከሄደ በኋላ ትልቋን ልጃቸውን፥ የዘጠኝ ዓመቷን፥ ሰው ቤት እንድትሠራ ደብረ ማርቆስ ሰደዷት። ሁለት ዓመት ወሬዋ ይመጣ ነበር። ከዚያ ቀረ። ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቁም። ስሟ ስንዱ ነው። ስሟን እንዲያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩልዎ፤ መዝገቡ ላይ የለም።

«እትዬ፥ ጣቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

እጄን ተቀብለው ገለበጡት። ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ልጅ ነበርሽ» አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው እኔን ይቅር ብለውኛል። ስለ እርስዎ ግን ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ሞጣ ተመልሼ ስጠይቅዎ አልካዱም። ይህን ልመስክርልዎ። «ፋንታ አስገደደኝ» አሉ። «በዚያ ዘመን እምቢ ያለ ሰው ምን ይሆን እንደ ነበር አንቺ አታውቂም። ‹ፀረ አብዮተኛ› ከተባልኩ ማን ያሳድግሽ ነበር?»

አባቴ፥ አውቃለሁ። የጎረቤቶቻችንን ልቅሶ ሰምቻለሁ። ፍርሃትዎን አልንቅም። ሕግ ተምሬ የፈራ ሰው እንዴት እንደሚዳኝ ሳላውቅ አልቀረሁም። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ፋንታ ሞጣ ላይ የመንግሥት ሥራ አስገኘልዎ። ፍርሃት ሹመት ይከተለዋል እንዴ? ደግሞስ ከፈሩ የራስዎ ጣት አልነበረም? የእኔን ለምን?

ይህን ስልዎ የመለሱልኝን ቃል እስክሞት አልረሳውም። «በዚያ ደመወዝ ነው የተማርሽው። ዩኒቨርሲቲ የገባሽው በዚያ ወረቀት ነው።»

እንግዲህ ንዴቴ ከየት እንደ ሆነ ይወቁት። ሐሰት መጻፍዎ ብቻ ቢሆን ምናልባት አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እርስዎ ግን እኔን ከሐሰቱ ውስጥ አስገብተው፥ በላዩ ላይ አሳድገው፥ ተማሪ አድርገው፥ በመጨረሻ ምስጋና ጠየቁኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ፍትሕ የተማርኩት ስንዱ በሰው ቤት ውኃ እየቀዳች እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ ያውም ዝም እንድል ብለው ነገሩኝ! እማዬ ታውቅ እንደ ነበር አልጠየቅኳትም። ፈራሁ። የእርስዎ ልጅ ነኝና እኔም እፈራለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ አማካሪዬ አቶ ወልደ ሰንበት ረቂቁን አንብበው በሩን ዘጉ። «ይኼን ካስገባሽ ጥናት መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል» አሉኝ። «ስም አይጻፍም፥ ደንብ ነው። ሌሎቹን መዝገቦች በፊደል እንደ ለየሻቸው ይኼንንም በፊደል ጥሪው።» በዚህ ተስማማሁ። ስለዚህ የእርስዎም የእትዬ ይርጋነሽም ስም የለበትም። ከገጹ ግርጌ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ «በዚህ መዝገብ ላይ የሚገኘው የጣት አሻራ የጥናቱ አቅራቢ የራሷ ነው።»

በታይፕ የምትጽፍልኝ ጥሩአየሁ እዚያ ስትደርስ እጇን አነሣች።

«እህቴ፥ ይኼ ስሕተት አይደለም?»

«አይደለም» አልኳት። «ምቺው።»

መታችው። ጽሑፉ ተጠርዞ ገብቷል። ከክፍላችን ከፍተኛውን ውጤት አገኘ፤ ጓደኞቼ እልል ሲሉ እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስለዚህ አውጪው ያሉኝ ገጽ አይወጣም። ብችልም አላወጣውም ነበር።

አሁን ወደ ምርቃቱ ልምጣ። እትዬ ይርጋነሽ ቢቸና አውራጃ ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገብተዋል። የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀለም ነክተው ያተሙት በራሳቸው ጣት ነው። መሬታቸው ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ዘመኑ ረዝሟል፥ የፋንታ ወንድምም ዛሬ ሰው አለው። ዳኛው ግን ተቀብሎ ቀጠሮ ሰጥቷል። ለሐምሌ አሥር ነው። እኔ ምስክር ነኝ።

ስለዚህ ሐምሌ አሥር አዲስ አበባ ቢመጡ አያገኙኝም። ጥቁሩን ካባ ለብሰው ከሚሰለፉት መሀል የእኔ ቦታ ባዶ ይሆናል። አምስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነው፤ አልቅሼበታለሁ። ቀጠሮ ይለወጥልኝ ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ እትዬ ይርጋነሽ ዘጠኝ ዓመት መጠበቃቸውን ሳስብ አፈርኩ።

እርስዎን ለምስክርነት የጠራዎት ሰው የለም። እኔም አላስጠራሁዎትም፤ ፖሊስ ይዞዎት እንዲመጣ አልፈልግም። በራስዎ እግር መጥተው ያን ቀን ያደረጉትን በራስዎ አፍ እንዲናገሩ ነው የምፈልገው። ከመጡ ከችሎት ስንወጣ እጅዎን እስማለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አብረን እናያለን። ካልመጡ ብቻዬን እናገራለሁ፤ ማን እንደ ጻፈው ዳኛው ሲጠይቀኝም ስምዎን ከነአባትዎ እጠራለሁ። ከዚያ ወዲያ ሞጣ እማዬን ለማየት እመጣለሁ እንጂ ወደ እርስዎ አልመጣም።

ከሞጣ የሚነሣው መኪና በዋዜማው ያደርስዎታል። ችሎቱ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይጀምራል።

ልጅዎ፥
ሰብለ ወንጌል